መዝገብ ቤት ሁለት

የተፈረደበት ፊቱን ሳሙና እንደተቀባ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከታች በኩል ውኃ በልቶት ስለተላጠ፣ ወጥ ቤት የሚነገረው ሁሉ ያለ ከልካይ ይገባል። ማንኪያ ሲወድቅ እንኳ የሾርባ ይሁን የሻይ መለየት ይቻላል። ምላጩን ጉንጩ ላይ እንዳሳረፈ የእህቱ ባል ድምፅ መጣ። ዝቅ ለማለት የሞከረ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ከሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ወደ ላይ መጮህ የለመደ ድምፅ ነው።

«ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ጫማዋን አድርጋ ተኛች። ሦስት ቀን!»

«አውቃለሁ። ክሩን በመቀስ የቆረጥኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?» አለች እህቱ።

«‹ጫማው የወለቀ ሰው ይሞታል› ነው የምትለው። የስድስት ዓመት ልጅ የሞተ ሰው ጫማ የት ታያለች? ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ራሷ ነግራሻለች። ኮምፒውተሩን የሚያውቀው ማነው? ሥሩ የሚያድረውስ ማነው?»

«ወንድሜ እኮ ነው።»

«የጎረቤት ነው አልኩሽ? እኔና አንቺ ቀን ቀን ሥራ ነን። አባባ ማብሪያውን እንኳ አያውቀውም። ከእሱ ሌላ ማን አለ? ወር እስኪሞላ ቤት ይፈልግ።»

 ምላጩ ጉንጩ ላይ ቆመ። እሱ የጠበቀው «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ እንጠይቀው» የሚል ነገር ነበር። እህቱ ግን ነገር የሚገባት ሴት ናት። «እሺ» አለች። «ግን ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው። በፊት ኮምፒውተሩን ለልጅቷ የሚሆን አድርጎ ያስተካክልልን። ከውጭ ሰው ብናመጣ ያስከፍለናል።»

የሚላጨው ሰው በቤትም በሰፈርም ቶነር ነው የሚባለው። የአታሚ ማሽን ቀለም ያለቀበትን ካርትሪጅ እየፈታ የሚሞላ ሰው ነው። ቶነር የሚሉት ጥቁሩ ዱቄት ከጥፍሩ ሥር ከገባ ስምንት ዓመት ስለሆነው ሳሙናውም እሱም ተስፋ ቆርጠዋል። የማቀዝቀዣው በር ላይ፣ የመብራት ማጥፊያው ላይ፣ የእህቱ ነጭ መጋረጃ ጫፍ ላይ የማን ጣት እንዳረፈ ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። እዚህ ቤት ለሁለት ወር ብሎ ገብቶ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሚተኛው ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው። ከራስጌው ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ አለ።

ኮምፒውተሩም እንደ እሱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የእህቱ ባል ሊፍት የሚጠግንበት አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ በርካሽ ተገዛ። ሲከፈት ዛሬም ድረስ «እንኳን ደህና መጡ፣ መዝገብ ቤት 2» ይላል። አምስት ሰው፣ አንድ አካውንት፤ ሁሉም የሚገባው መዝገብ ቤት ሁለት ሆኖ ነው። እህቱ የመድኃኒት ዝርዝር የምትጽፈው፣ ባሏ የእግር ኳስ ውጤት የሚያየው፣ ልጅቷ ቀጭኔ ቀለም የምትቀባው በዚያው ስም ነው። አንድ ጊዜ ቶነር ለየሰዉ ለየብቻ ፓስወርድ እናድርግ ቢል የእህቱ ባል ቅር ብሎት ነበር። «በገዛ ቤቴ ከማን ልደበቅ?» አለ። እዚያ ቤት ምንም ነገር አይቆለፍም። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ዘመን የለውም፤ የመታጠቢያ ቤቱም የሚቆለፈው በዘፈን ነው። የገባ ሰው ያንጎራጉራል፣ የውጭው ሰው ይጠብቃል። የዚያን ቀን ጠዋት የቶነር ጥፋት እንግዲህ ይኼ ነበር፤ ሲላጭ አይዘፍንም።

ሻይና ዳቦው ላይ እህቱ፣ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ማዘዣ መድኃኒት ሊገዙ ለመጡ ሰዎች የምታወጣውን ድምፅ አወጣችለት።

«ቶነርዬ፣ ዛሬ ግማሽ ቀን ነህ አይደል? ኮምፒውተሩን ለልጅ የማያሰጋ አድርግልን እስቲ። የማይሆን ነገር እንዳይወጣባት።»

«እሺ እቴቴ።»

የእህቱ ባል ዳቦውን እያየ ቅቤ ቀባ። የእሱ አባት፣ ሠላሳ አራት ዓመት አገር አቋራጭ አውቶብስ ነድተው ጡረታ የወጡት አባባ፣ ጆሯቸው ስለደከመ የተባለውን ሳይሰሙ ሻያቸውን ያቀዘቅዛሉ። ከጠረጴዛው ሥር የልጅቷ ጭንቅላት ይታያል። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት እዚያ ገብታ የሁሉንም ጫማ ትመረምራለች፤ የላላውን ታጠብቃለች፣ የተፈታውን ትቋጥራለች። የአባባ ነጠላ ጫማ ማሰሪያ ስለሌለው ከራሷ ጸጉር በፈታችው ሪባን ከእግራቸው ጋር አስራዋለች። ሽማግሌው እግራቸውን አላንቀሳቀሱም። ፊታቸው ግን ሐኪም ቤት መርፌ እንደሚጠብቅ ሰው ሆኖ ነበር።

ደረጃው ላይ ቶነር ልጅቷን ለብቻዋ አገኛት።

«የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያንን ነገር ስታዪ ማን ነበር?»

«ማንም። ተከፍቶ አገኘሁት። አውቶብሱ ተገልብጦ ሰዎቹ ተኝተው ነበር። ጫማቸው ግን ሌላ ቦታ ነው።» ጎንበስ ብላ የግራ ክሩን አየችለት። «ያንተ ደህና ነው። ግን ሁለቴ ቋጥረው።»

ሁለቴ ቋጠረው።

የሚሠራበት ሱቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅበት ነው። ባለሱቋ ከፊት ተቀምጣ ከደንበኛ ጋር ታወራለች። እሱ ከኋላ ካርትሪጅ ይፈታል፣ ያለቀውን ዱቄት በብሩሽ ያራግፋል፣ አዲሱን ይሞላል፣ ገጥሞ እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ ያናውጣል። ሥራውን ማንም አላስተማረውም። መጀመሪያ የፈታው ካርትሪጅ ፊቱ ላይ ፈሶበት፣ ሁለተኛው አልገጥም ብሎት፣ ሦስተኛው ላይ ባለሙያ ሆነ። የዚያን ቀን ግን እጁ ሌላ ቦታ ነበር።

«አንዱን ሁለቴ ሞላኸው እኮ» አለች ባለሱቋ። «ምን ሆነሃል?»

«ልጅ ያለበት ቤት ኮምፒውተር እንዴት ነው የሚጠበቀው?»

«እሱማ ቀላል ነው።» ቦርሳዋን ከፈተችው። ከመሐረቡና ከመነጽሩ መካከል የተጠቀለለ ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር። «እኔ ከቤት ስወጣ ነቅዬው ነው የምወጣው።»

«ልጆቹስ ዝም ይሉሻል?»

«እነሱም ሪሞቱን ይደብቁብኛል። ተቻችለን እንኖራለን።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። «ሰው ሳይጠየቅ ሲፈረድበት ምን ይባላል?» አላት።

ባለሱቋ ቦርሳዋን ዘጋች። «የሰው ቤት መኖር ይባላል» አለችና ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

ቀጥሎ ያለውን ካርትሪጅ እየፈታ ነው ነገሩ የመጣለት። ማሽኑ እኮ የታየበትን ሁሉ ከነቀኑ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ማን እንዳየ አይናገርም፤ መቼ እንደታየ ግን ይናገራል። እሱ ደግሞ በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት የት እንዳለ ባለሱቋና ጥፍሮቹ ይመሰክሩለታል። መዝገቡን ከፍቶ፣ እህቱንና ባሏን ከስክሪኑ ፊት አስቀምጦ፣ ምንም ሳይናገር በጣቱ ብቻ ሲያሳያቸው ታየው። ከዚያ በኋላ ራሱ ሻንጣውን አንስቶ ይወጣል። ሲወጣ እህቱ እንደምታለቅስ ጭምር አሰበበት። የቀሩትን ካርትሪጆች ሲሞላ ትንሽ አንጎራጎረ።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ሲደርስ አባባ ብቻቸውን ነበሩ። እህቱ ልጅቷን ይዛ መድኃኒት ቤት ናት። ባሏ የሆነ ሕንፃ ላይ ሰው ሊፍት ውስጥ ቀርቶ ተጠርቷል። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ እግራቸው በሪባን እንደታሰረ ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጣቸውና ኮምፒውተሩን ከፈተ። መዝገብ ቤት ሁለት እንኳን ደህና መጡ አለው።

ዝርዝሩ ረጅም ነበር። የተገለበጠ አውቶብስ። ገደል የገባ አውቶብስ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ያለው መኪና። ከኋላ የተቀረጸ አደጋ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ረቡዕ አራት ሰዓት ከሩብ። ሐሙስ አራት ሰዓት። ወደ ኋላ ቢሄድ፣ ቢሄድ፣ አምስት ወር ሙሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሁልጊዜ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ በሚኖርበት ሰዓት። መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ ሎተሪ የወጣለት ሰው ቁጥሩን ደጋግሞ እንደሚያየው ሰዓቶቹን ደጋግሞ አያቸው። ከዚያ ወንበር ተንቋቋ። ዞር ሲል አባባ ከኋላው ቆመዋል።

«አገኘኸው?» አሉ።

«አባባ… እርስዎ ኮምፒውተር ይችላሉ እንዴ?»

«አንተ ስትነካካው ከኋላህ ሆኜ አየው የለ እንዴ? መንዳትም የለመድኩት እንደዚያ ነው።» ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «ልጅቷ ታያለች ብዬ አላሰብኩም። ትምህርት ቤት ሄዳለች ብዬ ነው። የዚያን ቀን አሟት ቀርታ መኝታ ቤት ተኝታ ኖሯል፤ ቢነግሩኝም አልሰማሁ። ሽንት ቤት ገብቼ ስመለስ ስክሪኑ ፊት ቆማለች። ዘጋሁት። ምንም አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። ማታውን ጫማዬን ስታስረው ነው የገባኝ።»

ቶነር ወንበሩን ወደ ሶፋው አዞረ። «ለምንድን ነው የሚያዩት?»

 ሽማግሌው ስለ መኪና እንደሚያወራ ሰው በዝግታ ተናገሩ። «ከባልደረባዬ ጋር አንድ መኪና ለሁለት ነበር የምንነዳው። እኔ ስነዳ እሱ ይተኛል፣ እሱ ሲነዳ እኔ እተኛለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተን ሁለታችንም ነቅተን የተያየነው ምሳ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጥርሴን ተነቅዬ ቀረሁ። ብቻውን ነዳ። ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ወጣ፤ አልተረፈም። ድርጅቱ ‹አንቀላፍቶ ነው› ብሎ ጽፎ ዘጋው። ማን ይከራከርለታል? ያን ጊዜ ከኋላ የነበረ ሰው በስልኩ ቀርጾታል ብለውኛል። የፍሬን መብራቱን ነው ማየት የምፈልገው። ከበራ ነቅቶ ነበር ማለት ነው፤ መኪናው ነው እንቢ ያለው። ካልበራ…» እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ፣ ጥርሱ በነበረበት በኩል አደረጉ። «ካልበራ የእኔ ጥርስ ነው።»

ቶነር «ጥፋተኛ የተባልኩት እኮ እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። አባባ ይህን አያውቁም፤ ወጥ ቤት የሚነገር ነገር ጆሯቸው አይደርስም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሽማግሌው ግን እግራቸውን ገጥመው፣ ሪባኑ እንዳይፈታ ተጠንቅቀው ተቀምጠዋል። ለእሳቸው ለዛሬ ይኼ በቂ መሰለውና ተወው።

«አባባ» አለ፤ «ፓስወርድዎ ምን ይሁን?»

«እኔ ደግሞ ምን ልቆልፍ ብዬ?»

«ለእርስዎ አይደለም። ለልጅቷ ነው። የእርስዎ በር ከተዘጋ እሷ አትገባም፤ እርስዎ ግን ገብተው የፈለጉትን ያያሉ።»

አሰቡበት። «ሲወጡስ ይዘጋል?»

«ሁለት ደቂቃ ካልተነካ ራሱ ይዘጋል። ሽንት ቤት ቢገቡም።»

«እንዲያ ከሆነ የመኪናውን የጎን ቁጥር አድርገው» አሉና እንደ ምሥጢር በጆሮው ነገሩት፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

እስከ አሥር ሰዓት ሠራ። ለልጅቷ ቀጭኔ ያለበት በር አበጀላት፤ ከውስጥ አሥራ ሁለት ነገር ብቻ ይከፈታል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ማሽኑ ራሱ «በቃ ለዛሬ» ይላታል። ለእህቱ፣ ለባሏ፣ ለአባባ ለየብቻ ከፈተ። ሁሉንም የሚያዝዘውን ዋና ፓስወርድ በወረቀት ጽፎ ለእህቱ አስቀመጠ። ፎቶዎቹንና የእህቱን ዝርዝሮች ከአሮጌው አካውንት አወጣ። የቀረው እሱን ማጥፋት ነበር፤ ተከፍቶ ከቀረ የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። ማሽኑ ከነሙሉ ይዞታው ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀው። አምስት ወር ጠዋት፣ ቀንና ሰዓት፣ ያለው አንድ ምስክር። ቢያቆየውና ማታ ቢያሳያቸው ነጻ ነው። የእህቱ ባል ደግሞ ነገ ገመዱን ነቅሎ ከመፍቻዎቹ ጋር በቦርሳው ይዞ ይወጣል። ሽማግሌውም ያ መብራት ይብራ አይብራ ሳያውቁ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ጣቱን አነሳ፣ ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አዎ የሚለውን ነካ። መዝገብ ቤት ሁለት ተሰናበተ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። ልጅቷ ቀጭኔዋን አይታ አጨበጨበችና እጇን ልትታጠብ ሄደች፤ እየዘፈነች ገባች። የእህቱ ባል አራቱን በሮች አንድ በአንድ ነካካና አሮጌውን አጣው።

«የቀድሞውስ?»

«አጠፋሁት።»

«ከነታሪኩ?»

«ሥራው እንደዚያ ነው ጋሼ።»

«ተመችቶሃል!» ድምፁ ወደ ሊፍት ጉድጓዱ ድምፅ ተመለሰ። «ማስረጃውን ራስህ ጠርገህ፣ ቁልፉንም ራስህ ሠርተህ! እኔ ሞኝ ነኝ? ልጄን ያንን ቆሻሻ ያሳየሃት አንተ አይደለህም?»

ይኼን አባባም ሰሙት። አንገታቸውን ከልጃቸው ወደ ቶነር፣ ከቶነር ወደ ምራታቸው አዞሩ።

«ማንን ነው የሚለው?» አሉ።

«ምንም አይደለም አባባ» አለች እህቱ።

«እሱን ነው የሚለው? እኔ ነኝ እኮ። አውቶብሱን የማየው እኔ ነኝ።»

የእህቱ ባል አባቱን አየና ፊቱ ለሰለሰ። «አባባ፣ አንተ መቼም ለሰው ታዝናለህ። ግን አትሸፍንለት።»

«እኔ ነኝ እያልኩህ!»

«አባባ፣ አንተ ሞባይልህን እንኳ እኔ ነኝ የምከፍትልህ።»

እህቱም በፍቅር ፈገግ አለችላቸው። ሽማግሌው እውነት ተናግረው ደግ ሰው ተባሉ። ቶነር ወደ ስክሪኑ ዞረ፤ ያለውን ምስክር ያጠፋው እሱ ነው። አባባ ተነሱ። ሪባኑ እንዳይፈታ በትንንሽ እርምጃ ጠረጴዛው ጋ ሄዱና ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ከአራቱ በሮች የራሳቸውን መረጡ፣ የጎን ቁጥሩን በአንድ ጣት አስገቡ፣ ገቡ። ከዚያ ያ ጣት ፊደሎቹ ላይ ሄደ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን አንድም ፊደል አልፈለገም፤ ሠላሳ ዓመት እንደተመላለሰበት መንገድ እያንዳንዷን መታጠፊያ ያውቃታል። የመንገዱን ስም ጻፈ። ቁልቁለት ብሎ ጻፈ። አውቶብስ ብሎ ጻፈ። ሊከፍተው ሲል ቆመ። «ልጅቷ ከመታጠቢያ ቤት ሳትወጣ» አሉና ሁሉንም አጠፉት።

 ስለ ጥርሱና ስለ መብራቱ ነገሯቸው፤ ለቶነር ከነገሩት ባጠረ መንገድ፣ ወደ ልጃቸው እያዩ። ከዚያ «ሳትጠይቀው ነው የፈረድክበት» አሉ። «የድርጅቱም ሰዎች ያደረጉት እንዲሁ ነው።»

ልጅቷ እጇ እየተንጠባጠበ ወጣች። አባባ ጠሯት። ሪባኑን በእጃቸው ፈቱ፣ አንዱን ነጠላ ጫማ አወለቁ፣ ሌላውን አወለቁ፣ ባዶ እግራቸውን ሲሚንቶው ላይ አሳርፈው ቆሙ። እሷ ትንፋሿን ያዘች። ቆዩ። ሳሉ፤ የልማዳቸው ሳል ነው። እንደገና ቆዩ። «ቀዝቃዛ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለውም» አሏት። ልጅቷ የጣቶቻቸውን መንቀሳቀስ ጎንበስ ብላ ካረጋገጠች በኋላ የቀኝ ጫማዋን አንድ ቋጠሮ ፈታች። ስምንት ነበሩ።

እናቷ የቀሩትን ልትፈታላት መኝታ ቤት ስትወስዳት፣ የእህቱ ባል ወንበር ስቦ ካባቱ አጠገብ ተቀመጠ። «የቱ መንገድ ነበር?» አላቸው። «ዓመተ ምሕረቱስ?» ወደ ቶነር ቀና አላለም። አንገቱ ግን ከኋላ በኩል እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ቶነር ደረጃው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እህቱ መጥታ በበሩ ደፍ ላይ ቆመች። የመድኃኒት ቤቱ ድምፅ የለም፤ ልጅ እያለች ከጥፋቷ በኋላ የምታወጣው ቀጭን ድምፅ ነው።

«ጠዋት ሰምተኸን ነበር?»

«እየተላጨሁ ነበር።»

«ወይኔ» አለች። «ቤት መፈለግ ጀመርክ እንዴ?»

«ሱቁ አጠገብ አንድ ክፍል አለ ብለውኛል።»

«አትፈልግ።» ከዚያ ቸኩላ፣ «እሱም እኮ አፍሯል» አለች።

«እሱ ይንገረኝ።»

«ይነግርሃል። እኔ ግን… ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። እህትህ ነኝ። ቅር ብሎህ አትሂድብኝ። እሺ በለኝ።»

ከውስጥ የባሏ ድምፅ መጣ፣ «ቶነር! ይኼ ቪዲዮ እንዴት ነው ዝግ የሚለው? መብራቱ ጋ ሲደርስ ያልፈናል!» የሚል። ቶነር አልተነሳም። «እስቲ አስብበታለሁ» አላት። በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ሲኖር ሻዩን ሲሰጡት እሺ ብሏል፣ ሶፋውን ሲሰጡት እሺ ብሏል፣ ስም ሲያወጡለትም እሺ ብሏል። መልሱን ቆሞ የጠበቀው ሰው ግን አልነበረም። እህቱ ወደ ውስጥ አልገባችም። ትከሻዋን በሩ ላይ አስደግፋ፣ የልጅቷን ጫማዎች በእጇ እንደያዘች ቆማ ጠበቀችው።